ግርዶሹን በሰከንድ፣ ዝናቡን በግምት

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሠራች። ጨረቃ መሐሏን ሸፍና ዳር ዳሯን ብቻ ያስቀረችበት ያ ግርዶሽ በየትኛው ደቂቃ ጀምሮ በየትኛው እንደሚያበቃ፣ የትኛው ከተማ ሙሉውን ቀለበት፣ የትኛው ከፊሉን ብቻ እንደሚያይ ከብዙ ዓመታት በፊት ተሰልቶ በሰንጠረዥ ተቀምጦ ነበር። እንደተባለውም ሆነ። በዚያው ሰኔ በላሊበላ ዙሪያ ያለው የላስታ ገበሬ ማወቅ የሚፈልገው ግን ሌላ ነው፤ ዝናቡ መቼ ይገባል? ሐምሌ አጋማሽ ላይ ይቋረጣል ወይስ ይዘልቃል? ለዚህ ያን ያህል እርግጠኛ መልስ የሚሰጥ ባለሙያ በዓለም ላይ አልነበረም፤ ዛሬም የለም።

ጨረቃም ደመናም የሚታዘዙት ለአንድ ዓይነት የፊዚክስ ሕግ ነው። ታዲያ አንዱ በሰከንድ ሲነገር ሌላው ለምን በግምት ይቀራል? ከመቶ ዓመት በላይ የሒሳብ፣ የአየር ጠባይ፣ የመሬት ነውጥና የኢኮኖሚ ሰዎችን ያነታረከው ጥያቄ ይኸው ነው። በተለምዶ የሚቀርበው “ይተነበያል ወይስ አይተነበይም?” በሚል መልክ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ ከመነሻው ተበላሽቷል። ምኑ ነው የሚተነበየው፣ እስከ ስንት ጊዜ ድረስ፣ በምን ያህል ጥራት ተብሎ ካልተጠየቀ መልስ የለውም። ትንሽ የመነሻ ልዩነት እንዴት ወደ ግዙፍ ልዩነት እንደሚያድግ የሚያጠናው የኬዮስ ንድፈ ሐሳብ ትልቁ ስጦታም የማየት አቅማችን እስከ የት እንደሚደርስ መለካት ማስቻሉ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት፣ በአውሮፓ ስማቸው የተጠሩት ወራትም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁሉን ማስላት ይቻላል የሚለው ተስፋ ከሰማይ የመጣ ነው። አይዛክ ኒውተን በ1687 የስበትን ሕግ ካሳተመ በኋላ ኤድመንድ ሃሌ ዛሬ በስሙ የምትጠራው ጅራታም ኮከብ በ1758 ገደማ እንደምትመለስ ተናገረ። እሱ ሳያያት በ1742 ሞተ። ፈረንሳውያኑ አሌክሲ ክሌሮ፣ ዠሮም ላላንድና ኒኮል ሬን ለፖት ወራት በፈጀ ስሌት ጁፒተርና ሳተርን ኮከቧን እየጎተቱ እንደሚያዘገዩአት አወቁ፤ ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በ1759 ኤፕሪል አጋማሽ ነው፣ አንድ ወር ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል ይችላል ተባለ። ማርች 13 ቀን ቀረበች። ከዚህ ዓይነት ድል በኋላ ፒየር ሲሞን ላፕላስ በ1814 የዓለምን እያንዳንዱን ቅንጣት ቦታና የሚገፋትን ኃይል በአንድ ቅጽበት የሚያውቅ አእምሮ ቢኖር ያለፈውም የሚመጣውም እኩል ይገለጥለት ነበር ብሎ ቢጽፍ አያስገርምም። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ይህን የጻፈው ስለ ዕድል ስሌት በሚያትት መጽሐፉ ውስጥ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ አእምሮ ስለሌለን ዕድልን ማስላት እንማር ማለቱ ነበር።

ስንጥቁም የታየው እዚያው ሰማይ ላይ ነው። የስዊድንና የኖርዌይ ንጉሥ ዳግማዊ ኦስካር 60ኛ ዓመት ልደታቸው በጃንዋሪ 1889 ሲከበር የሒሳብ ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር። ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ በስበት የሚሳሳቡ ብዙ አካላት መንገዳቸው ለሁልጊዜው እንዴት ይሰላል የሚል ነው። ሁለት አካላት ብቻ ከሆኑ፣ ፀሐይና አንዲት ፕላኔት እንበል፣ መንገዳቸው በንጹሕ ቀመር ይጻፋል። ሦስተኛ ሲጨመር ያ ቀመር ይጠፋል። የፓሪሱ ኦንሪ ፖንካሬ ሽልማቱን አሸነፈ። ሥራው ታትሞ መሰራጨት ከጀመረ በኋላ ግን፣ ኤድቫርድ ፍራግሜን የተባለ ወጣት አርታኢ ባነሣቸው ጥያቄዎች መነሻነት ፖንካሬ ራሱ ከባድ ስሕተት አገኘበት። ቅጂዎቹ ተሰበሰቡ። የድጋሚ ማሳተሚያውን ከኪሱ ከፈለ፤ ከ3,500 ክሮነር በላይ ፈጀበት፣ ሽልማቱ ደግሞ 2,500 ነበር።

ለሳይንስ ታሪክ ግን ርካሽ ግዢ ሆነ። ፖንካሬ ስሕተቱን ሲያርም ያየው ነገር፣ ሦስት አካላት ብቻ ሲሳሳቡ እንኳ መንገዳቸው ሊሥለው እስከማይደፍር ድረስ ሊጠላለፍ እንደሚችል ነው። በ1908 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን ለማንም አንባቢ በሚገባ ቋንቋ ገለጠው፤ በመነሻው ላይ ያለች ዓይን የማትለያት ልዩነት በመጨረሻው ላይ ግዙፍ ልዩነት ልትወልድ ትችላለች፣ ያን ጊዜ ትንበያ ከንቱ ይሆናል አለ። ምሳሌ ያደረገውም የአየር ጠባይ ባለሙያዎችን ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከጥቂት የሒሳብ ሊቃውንት ክፍል አልወጣም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዛውያኑ ሜሪ ካርትራይትና ጆን ሊትልዉድ በራዲዮ መሣሪያዎች ቀመር ውስጥ ተመሳሳይ ጉድ አግኝተው ነበር፤ ልብ ያላቸው ጥቂት ነው።

የአየር ጠባይ ሰዎች በበኩላቸው የኒውተንን መንገድ ተያይዘውት ነበር። ኖርዌያዊው ቪልሄልም ቢየርክኔስ በ1904 የትንበያን ጉዳይ በሁለት መስፈርት አጠቃለለው፤ አየሩ አሁን ያለበትን ሁኔታ በበቂ ጥራት ማወቅ፣ የሚለወጥበትንም ሕግ በበቂ ጥራት ማወቅ። እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ይህን በእጁ ሊሞክር ተነሣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ አምቡላንስ እየነዳ፣ በእረፍት ሰዓቱ የሜይ 20 ቀን 1910ን አየር በወረቀትና በእርሳስ አሰላ። የተነበየው ያለፈን ቀን ነው፤ መልሱን ከመዝገብ ጋር ሊያስተያይ። የአየር ግፊቱ በስድስት ሰዓት ውስጥ በ145 ሄክቶፓስካል ያድጋል የሚል ውጤት አገኘ። በዚያን ዕለት ግፊቱ እምብዛም አልተነቃነቀም ነበር። ሪቻርድሰን ውድቀቱን ሳይደብቅ በ1922 በመጽሐፍ አወጣው፤ 64,000 ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው የዓለምን አየር ሲያሰሉ የሚያሳይ ሕልምም ጨመረበት። እኔ ከዚህ ታሪክ ጀግኖች ሁሉ የማደንቀው እሱን ነው፤ ትንበያው ምን ያህል እንደከሸፈ ራሱ በአኃዝ ያሳተመ ተንባይ ዛሬም ብዙ አይገኝም። ሕልሙን በ1950 ኤኒያክ የተባለው ኮምፒውተር ፈታው፤ ጁል ቻርኒና ባልደረቦቹ የሃያ አራት ሰዓት ትንበያ አሰሉበት፣ ስሌቱም ሃያ አራት ሰዓት ገደማ ወሰደ።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ ብዙ ተተርኳል፤ በትክክል የሚተረከው ግን ጥቂቱ ነው። በ1961 የኤም አይ ቲው ኤድዋርድ ሎረንዝ ሮያል ማክቢ በተባለች፣ የጽሕፈት ጠረጴዛ በምታህል ኮምፒውተር አሥራ ሁለት ቀመሮች ያሉት የአየር ጠባይ አምሳያ ያስኬድ ነበር። አንድ ቀን አንዱን ውጤት ረዘም አድርጎ ማየት ፈለገና ስሌቱን ከመካከል አስጀመረው፤ ቀደም ብሎ በወረቀት የታተመውን ቁጥር መልሶ አስገባ። ቡና ጠጥቶ ሲመለስ አዲሱ አየር ከአሮጌው ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። በመጀመሪያ የጠረጠረው መሣሪያው ተበላሸ ብሎ ነበር። ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ማሽኗ በሆዷ 0.506127 ብላ የያዘችውን ቁጥር ወረቀቱ 0.506 ብሎ አሳጥሮታል። ከሺህ አንድ የማትሞላ ልዩነት ሁለት ወር ባልሞላ የአምሳያ ጊዜ ውስጥ ሁለቱን አየሮች አለያየቻቸው።

ሎረንዝ ነገሩን ወደ ሦስት ቀመር አሳንሶ በ1963 አሳተመው። ስሌቱን በማሽኗ ላይ ያስኬዱለት ኤለን ፌተርና ከእሷ በፊት ማርጋሬት ሃሚልተን ነበሩ። ሃሚልተን ኋላ ሰውን ጨረቃ ላይ ያደረሰውን የአፖሎ ሶፍትዌር ሥራ የመራችው ሴት ናት። በሦስቱ ቀመሮች ውስጥ ምንም ዕጣ፣ ምንም አጋጣሚ የለም፤ አንድ ዓይነት መነሻ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መድረሻ ይሰጣል። ኬዮስን ከተራ ዝብርቅርቅ የሚለየው ይህ ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው፣ መንገዱ ግን በፍጹም ራሱን አይደግምም።

እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ለማየት ሊጥ የሚያሽ ሰው ማሰብ ይበቃል። ሁለት የጥቁር አዝሙድ ፍሬዎች ሊጡ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ። ሊጡ ሲለጠጥ ይራራቃሉ፤ ሲታጠፍ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ይውላል፤ ጥቂት ዙር ከታሸ በኋላ አንዱ ያለበትን አይቶ የሌላውን ቦታ መናገር አይቻልም። መለጠጡ ትንሿን ልዩነት ያሰፋል፣ መታጠፉ ደግሞ ሁሉም ነገር ከሊጡ ሳይወጣ እንዲቀር ያደርጋል። አየሩም እንዲሁ ነው፤ ነገ ያለውን ደመና በትክክል አናውቅም፣ ግን አዲስ አበባ በሐምሌ 45 ዲግሪ እንደማይሞቃት እናውቃለን። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ስለ ቢራቢሮዋም አንድ ነገር ይባል። በ1972 ሎረንዝ ዋሺንግተን ውስጥ ያቀረበው ንግግር ርእሱ በብራዚል የምትበር ቢራቢሮ የክንፏ መርገብገብ በቴክሳስ አውሎ ነፋስ ያስነሣ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ርእሱን ያወጣለት ጉባኤውን ያስተባበረው ፊሊፕ ሜሪሊስ ነው፤ ሎረንዝ ቀድሞ የሚናገረው ስለ ባሕር ወፍ ነበር። በንግግሩ ውስጥ አዎ ብሎ አልመለሰም። አንዲት ቢራቢሮ አውሎ ማስነሣት ከቻለች ማስቀረትም ትችላለች፤ የሌሎቹ ቢራቢሮዎችስ፣ የሰዎቹስ እንቅስቃሴ አለ። ዛሬ በየንግግሩ “ትንሽ ሥራህ ዓለምን ይለውጣል” ለማለት የሚጠቀሱት ቢራቢሮዎች ከሎረንዝ ቢራቢሮ ጋር ዝምድና የላቸውም። እሱ ያለው በተቃራኒው የትኛዋ ምክንያት እንደሆነች ፈጽሞ ልናውቅ አንችልም ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ካልኩሌተር መሞከር ይቻላል። ከ0 እስከ 1 መካከል ያለ አንድ ቁጥር ይያዝ፤ ከ1 ላይ ራሱ ይቀነስለት፤ በተገኘው ይባዛ፤ ከዚያ በ4 ይባዛ። ውጤቱ እንደገና በዚሁ መንገድ ይመላለስ። ከ0.3 የተነሣ ሰው አሥረኛው ዙር ላይ 0.04 ገደማ ያገኛል። ከ0.301 የተነሣው 0.62 ገደማ። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል የአንድ መስመር ቀመር የነፍሳት ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እንዴት እንደሚለዋወጥ ለማጥናት ያገለግል ነበር። የሥነ ምኅዳር ሊቁ ሮበርት ሜይ በ1976 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ተማሪዎች ይህን ቀመር ገና በለጋነታቸው እንዲማሩ ጠየቀ፤ ቀላል ሕግ የግድ ቀላል ባሕርይ እንደማይወልድ ቀድመው ይወቁ ብሎ። ሰሚ ያገኘ አይመስለኝም።

እስከዚህ ያለው የማይቻለውን የሚናገር ነው። ነገር ግን ስሕተት የሚያድግበት ፍጥነት ራሱ ይለካል፤ የሥራው መሠረት የሩሲያዊው አሌክሳንደር ሊያፑኖቭ ሒሳብ ነው። ስሕተቱ በየሁለት ቀኑ እጥፍ የሚሆንበት ሥርዓት ካለ፣ የመነሻውን ልኬት አሥር እጥፍ ማጥራት የትንበያውን ዕድሜ በአሥር እጥፍ አያረዝመውም፤ አንድ ሳምንት ያልሞላ ቀን ብቻ ይጨምርለታል። ሳተላይትና ራዳር ላይ ቢሊዮን ሲፈስ የሚገዛው ይህ ነው። ሎረንዝ በ1969 ከዚህም የከፋ ሐሳብ አቀረበ፤ በአየር ውስጥ ትንንሾቹ እንቅስቃሴዎች ስሕተትን ከትልልቆቹ ይልቅ በፍጥነት ስለሚያሳድጉ መለኪያ የፈለገውን ያህል ቢጠራ የማይታለፍ አጥር አለ። የብዙ ባለሙያዎች ግምት ይህ አጥር ሁለት ሳምንት ገደማ ላይ ነው።

የግርዶሹም እንቆቅልሽ በዚሁ ይፈታል። ፀሐይና ፕላኔቶችም ኬዮስ አለባቸው። ፈረንሳዊው ዣክ ላስካር በ1989 እንዳሳየው የመሬት ቦታ ዛሬ በ15 ሜትር ቢሳሳት ስሕተቱ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በኋላ 150 ሜትር ብቻ ነው፤ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ግን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ማለትም መሬት ከፀሐይ ያላትን ርቀት ያህል። እሱና ሚካኤል ጋስቲኖ በ2009 መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጡ 2,501 ስሌት ሠሩ፤ ከመቶ አንድ በሚሆነው ውስጥ የሜርኩሪ ምሕዋር በሚመጡት ቢሊዮኖች ዓመታት ክፉኛ ይለጠጣል። እንግዲህ ጨረቃና ደመና ሁለት ዓይነት ፍጥረት አይደሉም፤ የአንዱ አጥር በሚሊዮን ዓመታት ርቆ ስለቆመ እኛ አጭር ዕድሜ ያለን ሰዎች ሰማዩን ሰዓት አደረግነው።

አጥሩ መኖሩ ከታወቀ በኋላ የአየር ጠባይ ሰዎች ያደረጉት ነገር ከሌላው ሙያ ሁሉ አስተዋይ ያደርጋቸዋል ብዬ አምናለሁ። በኦክቶበር 1987 ከ15ኛው ወደ 16ኛው ቀን በሚያሻግረው ሌሊት ደቡብ እንግሊዝን ማንም በበቂ ያላስጠነቀቀው ማዕበል መታው፤ በብሪታንያ አሥራ ስምንት ሰው ሞተ፣ ወደ አሥራ አምስት ሚሊዮን ዛፍ ወደቀ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1992 መጨረሻ፣ መቀመጫው እንግሊዝ ሬዲንግ የሆነው የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከልና የአሜሪካው አቻ ተቋም አንድ ትንበያ ብቻ መሥራት ትተው በትንሽ በትንሹ የተለያዩ ብዙ መነሻዎችን ጎን ለጎን ማስኬድ ጀመሩ። ስሌቶቹ ተቀራርበው ከሄዱ አየሩ ዛሬ ይታመናል፤ ገና በሦስተኛው ቀን ከተበታተኑ አይታመንም። “የመዝነብ ዕድሉ 70 በመቶ” የሚለው አነጋገር ጀርባ ያለው ይህ ነው። በኋላ የ1987ቱን ሌሊት በዚህ መንገድ መልሰው ሲያሰሉት ስሌቶቹ እጅግ ተበታተኑ። ማስጠንቀቂያ መስጠት ይቻል ነበር፤ ማዕበል በእርግጥ ይመጣል ማለት ግን አይቻልም ነበር። በኦክቶበር 2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል ከአትላንቲክ ወደ አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ እንደሚታጠፍ የሬዲንጉ ማዕከል አንድ ሳምንት ያህል ቀድሞ አይቶታል።

ባለፉት አርባ ዓመታት የትንበያ ዕድሜ በየአሥር ዓመቱ አንድ ቀን ያህል ረዝሟል። ያለ ጩኸት የተገኘ ታላቅ ሥራ ነው። ከ2023 ወዲህ ደግሞ እንደ ግራፍካስትና ፓንጉ ያሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አምሳያዎች፣ የፊዚክስ ቀመር ሳይሰጣቸው አርባ ዓመት ከሚጠጋ የአየር መዝገብ ብቻ ተምረው የአሥር ቀን ትንበያን በደቂቃዎች ያወጣሉ፤ በብዙ መመዘኛ ከቀድሞዎቹ ይስተካከላሉ፣ አንዳንዴም ይበልጣሉ። አጥሩን ጣሱት ማለት ነው? ጀርመን ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች ቶቢያስ ሴልትስና ጆርጅ ክሬግ በዚያው ዓመት ፓንጉን ፈተኑት፤ መነሻው ላይ እጅግ ትንሽ ለውጥ ሲገባ ስሕተቱ በእውነተኛው አየር እንደሚያድገው አላደገም። አምሳያው ቢራቢሮዋን አያውቃትም። ጥሩ ተንባይ መሆንና አየሩ የሚሠራበትን መንገድ መረዳት ለየቅል እንደሆኑ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ አላውቅም።

የላስታው ገበሬ ጥያቄ ግን የአሥር ቀን አይደለም፤ የአራት ወር ነው። ሁለት ሳምንት ላይ አጥር ካለ የክረምት ትንበያ እንዴት ይኖራል? መልሱ ከሊጡ ምሳሌ ሁለተኛ ነጥብ ይነሣል። የሐምሌ 20ን ዝናብ በግንቦት ማንም አያውቅም። የክረምቱን ጠቅላላ መጠን ግን ቀስ ብሎ የሚለወጥ ነገር ይገፋዋል፤ ዋነኛው የሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት ነው። በ1986 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ማርክ ኬንና ስቲቨን ዜቢያክ ባሕሩንና አየሩን ባጣመረ አምሳያ ኤልኒኞን፣ ማለትም የዚህን ውቅያኖስ ያልተለመደ መሞቅ፣ ከወራት በፊት መተንበይ እንደሚቻል አሳዩ። ኤልኒኞ ሲነሣ በሰሜንና በመካከለኛው የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የክረምት ዝናብ የመቀነስ ዝንባሌ አለው። በ2015 የሆነው ይህ ነው፤ ብርቱ ኤልኒኞ መጣ፣ ዝናቡ ከሸፈ፣ በቀጣዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገለጠ።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ለዓመታት የሠሩበት መንገድ አምሳያ ዓመት መፈለግ ነው፤ ዘንድሮ የውቅያኖሱ ሙቀት የየትኛውን ዓመት ይመስላል፣ በዚያ ዓመትስ ዝናቡ እንዴት ነበር? ሎረንዝ ራሱ ይህን በ1969 ሞክሮት ነበር። የሰሜን ንፍቀ ክበብን የአምስት ዓመት የአየር መዝገብ አገላብጦ በደንብ የሚመሳሰሉ ሁለት ቀናት እንኳ አጣ። የእኛዎቹ መንገድ ግን በሎረንዝ ውጤት አይወድቅም፤ እሱ የፈለገው የአየሩን መንታ ነው፣ እነሱ የሚፈልጉት የባሕሩን ዘመድ ነው። ባሕር ደግሞ ዝግተኛ ነው።

ይህም ቢሆን ወሰን አለው። ከማርች እስከ ሜይ ባሉት ወራት የውቅያኖሱ ሁኔታ ስለሚዋልል እነዚያን ወራት ማለፍ ያለበት የኤልኒኞ ትንበያ ኃይሉ ይደክማል። በ2014 መጀመሪያ ብዙዎች ብርቱ ኤልኒኞ ጠብቀው ነበር፤ በወጉ ሳይነሣ ቀረ፣ ዓመት ቆይቶ መጣ። ለእኛ ይህ ክፉ አጋጣሚ ነው። ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን ማሽላ ልዝራ ወይስ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ልጠብቅ የሚለውን ገበሬው የሚወስነው በእነዚያው ወራት፣ ትንበያው በደከመበት ሰዓት ነው።

የአየር ንብረትና የአየር ጠባይ መምታታትም እዚሁ ላይ ይጥራ። “የነገ ወዲያን ዝናብ የማያውቅ ሰው የሃምሳ ዓመቱን ሙቀት እንዴት ይነግረኛል?” የሚል ክርክር ብልጥ ይመስላል፣ ስሕተት ነው። አንዱ ከታወቀ መነሻ የሚሄድን መንገድ መከተል ነው፤ ሌላው ማዕቀፉ ራሱ በካርቦን ሲገፋ ወዴት እንደሚሸሽ ማስላት ነው። ስዩኩሮ ማናቤና ሪቻርድ ዌዘራልድ በ1967 ባወጡት ስሌት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን መሬት በ2 ዲግሪ ገደማ ትሞቃለች ብለው ነበር፤ አቅጣጫው ትክክል ነበር። ማናቤ በ2021 የፊዚክስ ኖቤልን ከክላውስ ሃሰልማንና ከጆርጆ ፓሪዚ ጋር ተካፈለ፤ ሽልማቱ በስሙ ለውስብስብ ሥርዓቶች ጥናት የተሰጠ ነበር።

አሁን ወደሚያስቸግረው። በካሊፎርኒያ ፓርክፊልድ በተባለች መንደር በ1857፣ 1881፣ 1901፣ 1922፣ 1934 እና 1966 ተመሳሳይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሷል፤ በአማካይ በየሃያ ሁለት ዓመቱ። የአሜሪካ የሥነ ምድር ተቋም የሚቀጥለው ከ1993 በፊት እንደሚመጣ በይፋ ተነበየ፣ ስፍራውን በመሣሪያ ሞላው። መንቀጥቀጡ በሴፕቴምበር 28 ቀን 2004 መጣ፤ መጠኑ 6፣ ቦታው እንደተባለው፣ ጊዜው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ ያ ሁሉ መሣሪያም የረባ ምልክት ሳያይ። ጣሊያን ውስጥ በኤፕሪል 2009 ላኩዊላ ላይ ከሦስት መቶ በላይ ሰው ሲሞት ሕዝቡን አዘናግተዋል የተባሉ ስድስት ሳይንቲስቶችና አንድ ባለሥልጣን ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ሳይንቲስቶቹ በ2014 በይግባኝ ነጻ ወጡ።

ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ “ኬዮስ ስለሆነ” ይባላል። አልስማማም። ለአየሩ ቀመር አለን፣ በየሰዓቱም እንለካዋለን። አሥር ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለውን አለት ማን በየሰዓቱ ይለካዋል? የጎደለው መረጃውና ሕጉ ነው። የምናውቅበት ቦታ ላይ ግን ትንበያው አይናቅም። በሴፕቴምበር 2005 አፋር ውስጥ ደባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ ምድር በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰንጥቃ በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተች፤ ከዚያ ወዲህ ቅልጥ አለት ከሥር ሲሰርግ ምድሪቱ እንዴት እንደምታብጥ ከሳተላይት ይታያል። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ የእሳተ ገሞራ ተራሮቹ ፈንታሌና ዶፈን ሲናጡ፣ አዲስ አበባም ስትነዋወጥ፣ ከሥር የሚሰርግ ቅልጥ አለት መሆኑን ባለሙያዎች ማወቅ ችለዋል። ቀጣዩ መቼ ነው ለሚለው ግን መልስ አልነበረም። ብዙ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው እንዲነሡ የተደረገውም በቀን ቀጠሮ ሳይሆን በአደጋው መጠን ነው፤ ትክክልም ነበር።

ወደ ሰው ማኅበር ሲመጣ ኬዮስ የሚለው ቃል እንደ ልብ ይወረወራል፤ እኔ የሚታየኝ ማመካኛ ሲሆን ነው። በኖቬምበር 2008 የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ የለንደንን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ሲጎበኙ በዚያን ጊዜ የነበረውን የገንዘብ ቀውስ እንዴት ማንም ሳያየው ቀረ ብለው ጠየቁ። በየጊዜው የሚመጣው መልስ ገበያ ውስብስብ ነው የሚል ነው። ነገር ግን የገበያ ችግር ከአየር ችግር በዓይነቱ ይለያል። ደመና ትንበያውን አይሰማም። አንድ ባንክ ሊወድቅ ነው ተብሎ ሲተነበይ ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ ይሰለፋል፣ ባንኩም በዚያው ይወድቃል። ተንባዩ ራሱ የሥርዓቱ አካል ነው፤ ለዚህ የሎረንዝ ሦስት ቀመሮች መልስ የላቸውም።

ልኬቶቹም አንገት ያስደፋሉ። ፊሊፕ ቴትሎክ የ284 ፖለቲካና ኢኮኖሚ አዋቂዎችን ትንበያ ሃያ ዓመት ያህል መዝግቦ በ2005 አሳተመ፤ አዋቂዎቹ ቀላል የስታቲስቲክስ ሕግን እንኳ አላሸነፉም፣ ርቀው ሲያዩ ደግሞ ወደ ዕጣ ተጠጉ። በ2020 በወጣ ሌላ ሥራ 160 የተመራማሪ ቡድኖች በአሜሪካ ከአራት ሺህ በላይ ቤተሰቦች ላይ ከልጆቹ መወለድ ጀምሮ የተሰበሰበ ሰፊ መረጃ ይዘው ልጆቹ በ15 ዓመታቸው ምን እንደሚገጥማቸው ለመተንበይ ተወዳደሩ። ከሁሉ የበለጠው የማሽን ስሌት በአራት መረጃ ብቻ ከተሠራ ተራ ስሌት በጥቂቱ ነው የተሻለው። ይህን ያነበበ ሰው የልጅን ዕጣ ፈንታ በኮምፒውተር እንለያለን የሚል ድርጅት ሲመጣ በሩን መዝጋት አለበት።

የተፈጥሮና የሰው ሰንሰለት ሲያያዝ ምን እንደሚሆን የአንበጣው ዘመን አሳይቶናል። በ2018 ሁለት የባሕር ማዕበሎች፣ በሜይ መኩኑ በኦክቶበር ሉባን፣ የዐረብ ምድረ በዳን አረጠቡ፤ ሰው በሌለበት አሸዋ ላይ አንበጣው ትውልድ በትውልድ ተራባ። ጦርነት ባለባት የመን ቁጥጥሩ ላላ። በ2020 ኢትዮጵያ በሃያ አምስት ዓመት ያላየችው መንጋ ሰብሏ ላይ ሰፈረ። ከመኩኑ በፊት ይህን መናገር የሚችል አልነበረም። መንጋው ከታየ በኋላ ግን የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በነፋሱ አቅጣጫ ወዴት እንደሚነዳ ሳምንታት ቀድሞ እየተነበየ መርጫ አውሮፕላን ይመራ ነበር። አጭር ትንበያ፣ ፈጣን እጅ፤ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ይህ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ለሁለት ወገን ነው። የክረምት ትንበያ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች በሚሉ ሦስት መቶኛዎች ይሠራል፤ ለዜና የምታዘጋጁ ሰዎች ሦስቱንም አንብቡልን እንጂ “ጥሩ ዝናብ ይጠበቃል” ብላችሁ አታሳጥሩት። አርባ በመቶና ሰባ በመቶ ለገበሬው ሁለት የተለያየ ዘር ናቸው። ያለፈው ዓመት ትንበያ የት ቦታ እንደያዘና የት እንደሳተም አብሮ ይነገር። አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንቺም፣ ነገን አውቃለሁ የሚል ማንም ሰው ሲመጣ፣ ዶላሩ ይሁን ምርጫው፣ ጦርነቱ ይሁን የቤት ዋጋው፣ እስከ መቼ፣ በስንት በመቶ፣ አምና ያልከውስ እንዴት ሆነ ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛውን የሚመልስ ካገኛችሁ አዳምጡት።